ባሕር ዳር ላይ ሆኖ የሰርኪት ሲሙሌሽን ሶፍትዌር መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ በትርፍ ሰዓታቸው ኤሌክትሮኒክስ ለሚነካኩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ለፖሊ ተማሪው፣ ለሬዲዮና ለሞባይል ጠጋኙ፣ ማታ ማታ ብሬድቦርዱን ዘርግቶ ለሚቀመጠው ሁሉ። እዚህ የሶፍትዌር ወጪ በብር ብቻ አይለካም። ለማውረድ የሚያልቀው ፓኬጅ፣ ላፕቶፑ የሚችለውና የማይችለው፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ አብሮ የሚሄደው ሥራ፣ ሁሉም ወጪ ነው። ምክራችንን የሰጠነው ይህን ሁሉ ደምረን ነው።

ክፍሎቹን ገዝቼ ብሬድቦርድ ላይ ብሞክር አይበቃም? ሲሙሌተር፣ ማለትም ሰርኪቱን ኮምፒውተር ላይ አስልቶ የሚያሳየው ሶፍትዌር፣ ምን ይጨምርልኛል?

ኤልኢዲ ለማብራት ወይም አንድ ሪሌ ለማንቀሳቀስ ከሆነ ይበቃል፤ ኮምፒውተር መክፈትም አያስፈልግም። የሲሙሌተር ጥቅም የሚታየው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኦሲሎስኮፕ ለሌለው ሰው የቮልቴጁን ሞገድ በዓይኑ ያሳየዋል፤ መልቲሜትር አማካዩን ይነግርዎታል እንጂ በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ወጣ ወረደ የሚለውን አያሳይም። ስሕተት ሲሠሩም ክፍል አይቃጠልም። ከተማው ውስጥ ያጣው አይሲ ከአዲስ አበባ ተልኮ እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በእጅ ለመሞከር የማይመቸውን ያስሞክራል፤ የመስመሩ ኃይል ከ220 ወደ 150 ቮልት ቢወርድ የሠራሁት ፓወር ሰፕላይ ምን ይሆናል የሚለውን ለምሳሌ።

ታዲያ በየትኛው ልጀምር?

ሰርኪት አዲስ ከሆነብዎ በፎልስታድ ይጀምሩ። በብራውዘር የሚከፈት ነው፤ ምዝገባ የለውም፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ኮረንቱ በሽቦው ውስጥ እንደ ነጠብጣብ ሲጓዝ ይታያል፤ ስዊቹን በማውስ ነካ ሲያደርጉት ለውጡ ወዲያው ይመጣል። የካፓሲተርን መሙላትና መፍሰስ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ አላየንም።

የሚሠሩት አናሎግ ከሆነ፣ ማለትም ፓወር ሰፕላይ፣ አምፕሊፋየር፣ ቻርጀር ወይም ፊልተር፣ ኤልቲስፓይስን ይጫኑ። አርዱዊኖ ከሆነ ዎክዊ ወይም ሲሙላይድ ይሻላል። መጨረሻው የመዳብ ቦርድ ከሆነ ኪካድ። ሁሉንም መጫን ግን አያስፈልግም። በእኛ አስተያየት ፎልስታድንና ኤልቲስፓይስን በደንብ የያዘ ሰው ለረጅም ጊዜ ሌላ አይቸግረውም።

ነፃ የሆኑት ደካማ ስለሆኑ አይደለም ወይ?

አይደለም። ስፓይስ የሚባለው የስሌት ሞተር በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተሠርቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ ነው። ኮዱ በነፃ ስለተለቀቀ ዛሬ ያሉት ብዙዎቹ ሲሙሌተሮች፣ በውድ የሚሸጡትም ጭምር፣ ከእሱ የተወለዱ ናቸው። ኤንጂስፓይስ በቀጥታ ከበርክሌይ ሦስተኛ እትም የወረደ ነው። ኤልቲስፓይስን ያወጣው ሊኒየር ቴክኖሎጂ የአይሲ አምራች ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በአናሎግ ዲቫይስስ ተጠቃሏል። ትርፉ ከአይሲ ሽያጭ ስለሚመጣ ሶፍትዌሩን በነፃ ይሰጣል፤ የሰርኪቱን ስፋት አይገድብም፣ ጊዜው አልፏል ብሎም አይዘጋም። ማይክሮካፕ ደግሞ በሺዎች ዶላር ሲሸጥ የኖረ ነው። ባለቤቱ ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ 12ኛውን እትም ለሁሉም በነፃ ለቆታል። አዲስ ነገር አይጨመርበትም፤ ያለው ግን ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

የሚከፈልባቸውን መግዛት ሌላም ችግር አለው። አብዛኛው ሰው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የለውም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በዶላር የተተመነ ነገር ሁሉ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ፓኬጄ ትንሽ ነው። የትኛው ብዙ ይበላል?

ኤልቲስፓይስና ሲሙላይድ በአስሮች ሜጋባይት የሚቆጠሩ ናቸው። ኪካድ ለዊንዶውስ ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ለሌሊት ፓኬጅ ወይም ለግቢ ዋይፋይ ይተዉት። ኡቡንቱ ላይ የሚጭኑ ከሆነ የሦስት ገጽታ ሥዕሎቹ ለብቻቸው ስለሚመጡ እነሱን ትተው ብዙ መቆጠብ ይችላሉ፤ ለሲሙሌሽን አያስፈልጉም።

ፎልስታድ ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ስሌቱን የሚሠራው እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዳታ ቢያጠፉም ገጹን እስካልዘጉት ይቀጥላል። ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት የሚወርድ እትምም አለው። ዎክዊና ቲንከርካድ (ይህም በብራውዘር የሚሠራ ሲሙሌተር ነው) ግን እንዲህ አይደሉም፤ ዎክዊ ኮዱን የሚያጠናቅረው በራሱ ሰርቨር ላይ ነው፣ ቲንከርካድም ሥራዎን የሚያስቀምጠው እዚያው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኔትወርክ ከሄደ ሥራው ይቆማል።

ኪካድ፣ ኤንጂስፓይስ፣ ሲሙላይድና ክዩክስ ኤስ የሚባለው ሌላ ሲሙሌተር ኮዳቸው ክፍት የሆነ ስለሆነ አንድ ሰው አውርዶ ለጓደኞቹ በፍላሽ ቢያዳርስ ሕጋዊ ነው። አውራጁ ግን ከራሱ ከሶፍትዌሩ ድረ ገጽ ያውርድ። ‹አውርድ› የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ከሚያበዙ ገጾች አይደለም።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ዊንዶውስ 7 ነው ያለው። ይሠራል?

ይሠራል። አዲሱ ኤልቲስፓይስ 24 ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ለዊንዶውስ 7 ኤልቲስፓይስ 17 የሚባለውን የቀድሞ እትም ይጫኑ። 4 ጊጋባይት ራም በዚህ ገጽ ላይ ለተጠቀሱት ሰርኪቶች በሙሉ ይበቃል። ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሚያስኬደው በዋይን በኩል ይሄዳል። አሮጌ ማሽን ላይ የሚያስቸግረው ቲንከርካድ ነው፤ ብራውዘሩን ያከብደዋል።

ኮምፒውተር የለኝም፤ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ።

ፎልስታድን በክሮም ከፍተው ስልኩን አግድም ያዙት። ጣት ሽቦ ለመሳብ ስለማይመች በኦቲጂ ገመድ ተራ ማውስ ቢሰኩ ሥራው በእጅጉ ይቀላል። ኤቭሪሰርኪት የሚባለው መተግበሪያም ለስልክ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሙሉው የሚከፈልበት ቢሆንም መሞከሪያው ትንንሽ ሰርኪቶችን ይችላል።

ጓደኛዬ ፕሮቲየስን ክራክ አድርጎ ሊሰጠኝ ነው። ልጫነው?

አይጫኑት። ፕሮቲየስ ጥሩ ሶፍትዌር ነው፤ ችግሩ ክራኩ ላይ ነው። ክራክ ለመጫን አንቲቫይረሱን አጥፉ ይባላሉ፤ ከዚያ በኋላ ፍላሽዎ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ሲያገኙት ምክንያቱን ከዚያ ቀን ጋር አያያይዙትም ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ይህን ማድረግ በጣም ያሳዝናል። ኩባንያው ራሱ የሚሰጠው የነፃ ማሳያ ደግሞ የሠሩትን አያስቀምጥም። ፕሮቲየስን የሚፈልጉት ለማይክሮኮንትሮለር ከሆነ ሲሙላይድ ኤቪአርና ፒክ የሚባሉትን የማይክሮኮንትሮለር ዓይነቶች በነፃ ይሠራልዎታል።

አንድ ሰርኪት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳዩኝ።

እዚህ አገር ሁሉም ሰው አንዴ የሚሠራውን እንውሰድ፤ ከ220 ቮልት ወደ 5 ቮልት። ክፍሎቹ፦ 12 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር፣ 4 ዳዮድ 1ኤን4007፣ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አንድ 7805 (ቮልቴጁን 5 ላይ የሚያቆም ሬጉሌተር)። የሚጎትተው ዕቃ 500 ሚሊአምፒር ይበላል እንበል። በኤልቲስፓይስ እንዲህ ይሥሩት።

1. ትራንስፎርመር መሣል አያስፈልግም። በእሱ ፋንታ የቮልቴጅ ሶርስ ያስቀምጡና ሳይን ይምረጡ፤ ኦፍሴት 0፣ አምፕሊቱድ 17፣ ፍሪኩዌንሲ 50። 12 ያልሆነው ስፓይስ የሚጠይቀው የሞገዱን ጫፍ ስለሆነ ነው፤ 12 ሲባዛ በ1.414 ወደ 17 ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

2. አራቱን ዳዮዶች በብሪጅ ያገናኙ፣ ካፓሲተሩን ይጨምሩ። ግራውንዱን በካፓሲተሩ ነጌቲቭ ላይ ብቻ ያድርጉ። የሶርሱ አንድ እግር ላይም ግራውንድ ከጨመሩ አንዱ ዳዮድ ሾርት ይሆናል፣ ብሪጁም እንደ ግማሽ ሞገድ ይሠራል።

3. 7805ን ለጊዜው ይተዉት። በቦታው 0.5 አምፒር የሚል ከረንት ሶርስ ያስገቡ፤ ቀስቱ ከካፓሲተሩ ፖዚቲቭ ወደ ግራውንድ ይይ።

4. ትራንዚየንት (ቮልቴጁ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሰላውን) ይምረጡ፤ ማቆሚያ ጊዜ 200 ሚሊሰከንድ፣ ትልቁ የጊዜ እርምጃ 50 ማይክሮሰከንድ። ያስጀምሩና የካፓሲተሩን ፖዚቲቭ በማውስ ይንኩት።

ጫፉ ከ15 ቮልት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሸለቆው ደግሞ 11 ቮልት ተኩል ገደማ ሆኖ ይታያል። 7805 በደንብ ለመሥራት ከ7 ቮልት በላይ መግባት አለበት፤ እስካሁን ደህና ነው።

አሁን የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ የሚጣድበትን ሰዓት ያስቡ፤ መስመሩ 150 ቮልት ወረደ እንበል። አምፕሊቱዱን ወደ 11.6 ይቀይሩና እንደገና ያስጀምሩ። ጫፉ 10 ቮልት አይሞላም፤ ሸለቆው ወደ 6 ቮልት ይወርዳል። 7805 በየሞገዱ ይንገዳገዳል ማለት ነው። ሬዲዮው ‹እምም› ይላል፣ አርዱዊኖው ራሱን እያጠፋ ያበራል። መልቲሜትር ብቻ ያለው ሰው ግን አማካዩ 8 ቮልት አካባቢ ስለሚያሳየው ችግሩን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። ካፓሲተሩን 2200 ማይክሮፋራድ ያድርጉት፦ ሸለቆው ወደ 8 ቮልት ይወጣል፣ ችግሩም ያልፋል። አንድ ካፓሲተር መቀየር ነው መፍትሔው። ሲሙሌተር የሚጠቅመው ለዚህ ነው የምንለው እንዲህ ያለውን ይዘን ነው።

ሁለት ነገር ይጨምሩ። የእውነተኛ ትራንስፎርመር ጥቅል የራሱ ሪዚስታንስ አለው፤ የ12 ቮልቱን ጎን በመልቲሜትር ለክተው ያንኑ ያህል ሪዚስተር ከሶርሱ ጋር በተከታታይ ያስገቡ፣ ውጤቱ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ሌላው ሙቀት ነው። መስመሩ ሙሉ 220 ሲሆን 7805 ላይ ከ8 ቮልት በላይ ይቀራል፤ በ0.5 አምፒር ሲባዛ ከ4 ዋት ያልፋል። ያለ ሂትሲንክ አይችለውም፣ ሞቆ ራሱን ያጠፋል። ሲሙሌተሩ ስለዚህ ምንም አይናገርም።

ለምንድን ነው ስሕተት የሚለኝ? ወይም የማይሆን ቁጥር የሚሰጠኝ?

የሚከተሉት ከሌላው ሁሉ በላይ ያጋጥማሉ።

ግራውንድ መርሳት። ስፓይስ ሁሉንም ቮልቴጅ የሚለካው ከዜሮ ነጥብ ተነሥቶ ስለሆነ ያለ ግራውንድ አይሰላም። ኤልቲስፓይስ ላይ ‹ጂ› የሚለውን ፊደል መጫን ነው።

‹ኤም›። በስፓይስ ትልቁም ትንሹም ‹ኤም› ሚሊ ማለት ነው። 1 ሜጋ ኦም ለመጻፍ ‹ሜግ› የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከቁጥሩ ኋላ ያስገቡ። ‹1ኤም› ብለው ከጻፉ የአንድ ኦም አንድ ሺህኛ፣ ማለትም ሾርት፣ ይሆናል። እንዲሁም ከካፓሲተር ቁጥር ኋላ ‹ኤፍ› ብቻ ከጻፉ ፋራድ ሳይሆን ፌምቶ ብሎ ያነበዋል። ማይክሮ በ‹ዩ› ይጻፋል።

ሞዴል አለመምረጥ። የዜነር ምልክት አስቀምጠው ዝም ካሉት 5.1 ቮልት ላይ አያቆምም፤ ስም የሌለው ዳዮድ በተቃራኒው አቅጣጫ በጭራሽ አይሰበርም። ምልክቱን በቀኝ ጠቅታ ከፍተው ከዝርዝሩ እውነተኛ ቁጥር ያለው ይምረጡ።

የማይነሣ ኦሲሌተር። ሁለቱ ጎኖቹ ፍጹም እኩል የሆኑ ባለ ሁለት ትራንዚስተር ብልጭ ድርግም መብራት ሲሙሌተር ላይ ሳይነሣ ይቀራል፤ በእውነቱ ዓለም እኩል የሚባል ነገር ስለሌለ ይነሣል። አንዱን 47 ኪሎ ኦም 46 ያድርጉት፣ ወይም ትራንዚየንት መስኮቱ ላይ ሶርሶቹ ከዜሮ እንዲነሡ የሚለውን ምልክት ያድርጉበት።

ለሶላር ባትሪ መቁረጫ እየሠራሁ ነው። ሲሙሌተር ላይ ጥሩ ነው፤ ሲገጠም ግን ይርገበገባል።

ከዘጌና ከደሴቶቹ በኩል 12 ቮልት ባትሪ ይዘው የሚሠሩ ሰዎች ይህን ደጋግመው ይጠይቁናል፣ ስለዚህ ዘርዘር እናድርገው።

ባትሪው ከልክ በታች ሲወርድ ሎዱን፣ ማለትም ከባትሪው የሚጎትተውን ዕቃ፣ የሚቆርጠው የተለመደው ሰርኪት እንዲህ ነው። ከባትሪው 15 ኪሎ ኦም ከላይ፣ 12 ኪሎ ኦም ከታች ሆነው ቮልቴጁን ያካፍላሉ፤ መሐከሉ ሁለት ቮልቴጆችን ወደሚያወዳድረው አይሲ፣ ወደ ኤልኤም393፣ ፖዚቲቭ መግቢያ ይሄዳል። ነጌቲቩ ላይ በ1.2 ኪሎ ኦም የሚመገብ 5.1 ቮልት ዜነር አለ። መውጫው በ10 ኪሎ ኦም ወደ ባትሪው ፖዚቲቭ ተጎትቶ ሎዱን እንደ ስዊች የሚያበራና የሚያጠፋውን የሞስፌት ጌት ይነዳል። ይህ 10 ኪሎ ኦም ከተረሳ መውጫው በጭራሽ አይወጣም፤ 393 ወደ ታች መጎተት እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችልም። ዜነሩም ይመረጥ፦ 1ኤን4733 ላይ የተጻፈው 5.1 ቮልት በ49 ሚሊአምፒር የተለካ ነው፤ በ5 ሚሊአምፒር ያንሳል፣ መቁረጫውም ይዛባል። ቢዜድኤክስ55 በ5 ሚሊአምፒር የተለካ ስለሆነ እሱ ይሻላል።

እንዳይርገበገብ ከመውጫው ወደ ፖዚቲቭ መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ይገባል። ስሌቱ ሲሠራ ይህ በ11.4 ቮልት ይቆርጣል፣ በ11.55 ይመልሳል። ልዩነቱ ከ0.2 ቮልት ያነሰ ነው። ሲሙሌተር ላይ ባትሪውን ንጹሕ የቮልቴጅ ሶርስ አድርገው ከሣሉት ይህ እንከን የለሽ ሆኖ ይሠራል፤ ንጹሕ ሶርስ ሎድ ቢኖርም ባይኖርም አይንቀሳቀስምና።

እውነተኛ ባትሪ ግን በውስጡ ሪዚስታንስ አለው፤ ያረጀ ሲሆን ይብሳል። ከሶርሱ ጋር 0.15 ኦም በተከታታይ ያስገቡ፤ ሎዱን 4 ኦም፣ ማለትም 3 አምፒር ገደማ፣ ያድርጉት፤ ሶርሱን ከ13 ወደ 10.5 ቮልት በ1 ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያድርጉት። ሎዱ ሲቆረጥ ባትሪው በ0.4 ቮልት ያህል ያንሠራራል፣ 11.55ን ያልፋል፣ እንደገና ይበራል፣ እንደገና ይወርዳል። ቤት ውስጥ ያያችሁት መርገብገብ ይኸው ስክሪኑ ላይ መጣ። ሲሙሌሽኑ በድንገት ቀርፋፋ ሆኖ በመቶኛ መጎተት ከጀመረም ምልክቱ ይህ ነው፤ ሰርኪቱ በፍጥነት እየተወዛወዘ ነው ማለት ነው።

1 ሜጋ ኦሙን አውጥተው 220 ኪሎ ኦም ያስገቡ። መቁረጫው ወደ 11.1 ይወርዳል፣ መመለሻው 11.8 ይሆናል። 0.4 ቮልት ማንሠራራት አሁን መመለሻው ጋር አይደርስም፤ መብራቱ አንዴ ይጠፋል፣ ጠፍቶም ይቆያል። 11.1 ለባትሪዎ ዝቅ ያለ ከመሰልዎ 15 ኪሎ ኦሙን በትንሹ ይጨምሩ፤ ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ይወጣሉ።

ለአርዱዊኖና ለኢኤስፒ32ስ?

ኮዱን ለመፈተሽ ዎክዊ በጣም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ይወቁ፤ ዎክዊ የሚከታተለው የዲጂታሉን ወገን ነው፤ የትራንዚስተርና የሞስፌት ቮልቴጅን ስፓይስ እንደሚያሰላው አያሰላም። ኢኤስፒ32 የሚያወጣው 3.3 ቮልት ነው። አይአርኤፍዜድ44ኤን ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ቮልት ባለው ውስጥ ነው፣ በደንብ የሚከፈተው ወደ 10 ቮልት ሲጠጋ ነው። ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ፓምፑ የማይነሣው ወይም ሞስፌቱ እጅ የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ኮዱን በዎክዊ፣ ሞስፌቱን ደግሞ ለብቻው በኤልቲስፓይስ ይፈትኑ።

መብራት ሲጠፋ ሥራዬ እንዳይጠፋ ምን ላድርግ? ዲስኬስ ለምን ሞላ?

ከማስጀመርዎ በፊት ሁሌ ያስቀምጡ። የሚያስፈልግዎ የሰርኪት ፋይሉ ብቻ ነው፣ ጥቂት ኪሎባይት ነው፣ በቴሌግራም ለራስዎ ቢልኩት ይበቃል። ዲስኩን የሚሞላው ኤልቲስፓይስ ውጤቱን የሚጽፍበት ‹ሮው› የሚባለው ፋይል ነው፤ ረጅም ሲሙሌሽን በአጭር እርምጃ ከሄደ በመቶዎች ሜጋባይት ይደርሳል። ይሰርዙት፣ እንደገና ሲያስጀምሩ ይመጣል።

ሲሙሌተሩ ይሠራል አለኝ፣ ብሬድቦርድ ላይ ግን አልሠራም። ማንን ልመን?

ብሬድቦርዱን። ሲሙሌተር የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ቢሲ547 የሚባለውን ትራንዚስተር ሲመርጡ ጌይኑን (ኮረንቱን ስንት እጥፍ እንደሚያደርገው) አንድ ቁጥር አድርጎ ይወስዳል፤ በእውነቱ ግን እንደ ቡድኑ ከ110 እስከ 800 ይለያያል። ከአሮጌ ቴሌቪዥን የተነቀለ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር የተጻፈበትን ያህል ላይይዝ ይችላል። ስለዚህ በእጅ ያለውን ይለኩና የለኩትን ቁጥር ወደ ሲሙሌተሩ ያስገቡ።

ሌላው ማቃጠል ነው። ስፓይስ በ1ኤን4007 ውስጥ 20 አምፒር ቢያሳልፉበት ምንም ሳይል ያሰላል፤ ጢስ የለውም። ኤልቲስፓይስ ላይ ‹አልት› የሚለውን ቁልፍ ይዘው ክፍሉን ሲጫኑት የሚያወጣውን ኃይል በዋት ይሥላል፤ ከዚያ ‹ኮንትሮል› ይዘው ከግራፉ በላይ ያለውን ስም ሲጫኑ አማካዩን ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ሪዚስተር ይህን ያድርጉ። የሩብ ዋት ሪዚስተር ላይ 0.4 ዋት ካዩ ከመበየድዎ በፊት ባለ 1 ዋት ይፈልጉ።

ያለኝ ክፍል ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የአምራቹን ድረ ገጽ በክፍሉ ቁጥር ይፈልጉ፤ ብዙዎቹ የስፓይስ ሞዴል በነፃ ይሰጣሉ። ሞዴሉ አንድ መስመር ከሆነ ጽሑፉን ገልብጠው ሰርኪቱ ላይ እንደ መመሪያ ይለጥፉትና የክፍሉን ስም ከሞዴሉ ስም ጋር አንድ ያድርጉት። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ክፍሎችን የሚያዘወትሩ ከሆነ ቲና ቲአይ የሚባለው የእነሱ ነፃ ሲሙሌተር ሞዴሎቻቸውን አብሮ ይዞ ይመጣል። ካልተገኘ ተቀራራቢ ይጠቀሙ፤ ከዚያ በፊት ግን ክፍሉ ገበያ ላይ መኖሩን ይጠይቁ። ስክሪን ላይ ያማረ፣ ባሕር ዳር ላይ የማይገኝ አይሲ መምረጥ ሥራን እጥፍ ያደርጋል።

ኪካድ ካለኝ ኤልቲስፓይስ ለምን ያስፈልገኛል?

ላያስፈልግዎ ይችላል። ኪካድ ከ5ኛው እትሙ ጀምሮ ኤንጂስፓይስን በውስጡ ይዟል፤ የሣሉትን ሰርኪት ሲሙሌት አድርገው እዚያው ቦርዱን ይሠራሉ። ሞዴል ማያያዙ ግን ለጀማሪ ያስቸግራል፤ ግራፉን ማንበብም በኤልቲስፓይስ ይቀላል።

220 ቮልት የሚነካ ሰርኪት በሲሙሌተር ከፈተንኩ ሳልፈራ ልገጥመው እችላለሁ?

አይችሉም። ሲሙሌተሩ የሽፋን ውፍረት፣ የእርጥበትና የልቅ ሽቦ ነገር አያውቅም። ሲሣሉም ጫፉ 311 ቮልት መሆኑን ያስቡ፤ ካፓሲተሩ ቢያንስ 400 ቮልት የሚችል ይሁን። ከገጠሙ በኋላ መጀመሪያ ሲሰኩት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ ያስገቡ። አምፖሉ ደምቆ ከቀጠለ ሾርት አለ፤ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መለካት ይጀምሩ፣ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ሆኖ።